ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲሻል በድንገት ማቆም። ከዚህ የምጀምረው ሌሎቹ ስህተቶች በአብዛኛው ቀስ ብለው ሲጎዱ ይሄኛው በቀናት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን በየቀኑ ያመነጫሉ። የደም ግፊት እንዳይወርድ፣ ስኳር እንዳያንስ፣ ሰውነትም ሕመምን እንዲቋቋም የሚያደርገው እሱ ነው። ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን ሆርሞን የሚመስሉ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ ሆርሞን ያለ ስለሚመስለው ዕጢዎቹን ማዘዝ ይተዋል፤ እነሱም ሥራ ይፈታሉ። መድኃኒቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ፣ ኪኒኑ በቆመ ማግስት ወደ ሥራቸው ላይመለሱ ይችላሉ። ለማገገም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል።

የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው አንዲት እናት ሕመሙ ቀለል ሲላቸው፣ የፊታቸው መወፈርም ሲያሳስባቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ ተዉት። ማስታወክ፣ ማዞርና አቅም ማጣት ሲጀምራቸው ቤተሰቡ ጨጓራ ነው አለ። ሐኪም ቤት የደረሱት ራሳቸውን ስተው ነበር። ልጃቸው ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ባትመጣ ኖሮ ማን ይጠረጥር ነበር? ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ ስቴሮይድ በደም ሥር ተሰጥቷቸው ነው የተረፉት።

እባካችሁ፣ መድኃኒቱ ከሰለቻችሁ ወይም ከጎዳችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩትና በየደረጃው ይቀንስላችሁ። እንደ አስም ላለ ሕመም የሚታዘዝ የጥቂት ቀናት ኮርስ ብዙ ጊዜ ሳይቀነስ ይቆማል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደው ግን እንዲህ በድንገት አይቆምም። ለቀዶ ሕክምና ስትገቡ ወይም በጽኑ ስትታመሙ ስቴሮይድ እንደምትወስዱ ተናገሩ፤ እንዲያውም መጠኑ የሚጨመርበት ጊዜ ያ ነው። ኪኒኑ በማስታወክ ምክንያት ሆድ ውስጥ ካልረጋ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ሂዱ። ይህን ሁሉ ሳያስረዳ ብልቃጡን ብቻ የሚያቀብል ባለሙያ በጣም ያናድደኛል። ማስረዳቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ኪኒንን በኪኒን መተካት። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ 0.75 ሚሊ ግራሙ ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይመጣጠናል። «ያኛው ስለጠፋ በዚህኛው» ብሎ በቁጥር መተካት አይሆንም።

ለማንኛውም ትኩሳትና ሕመም መውሰድ። ስቴሮይድ ምልክቱን ያጠፋና ኢንፌክሽኑ ከሥር እንዲስፋፋ ያደርጋል፤ ተደብቆ የነበረ ቲቢም ሊቀሰቀስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴክሳሜታዞን በኮቪድ የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ሲታወቅ፣ ጥቅሙ የታየው ኦክስጅን ላስፈለጋቸው ሕሙማን ነበር። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው አልተጠቀሙም፤ ቤታቸው ሆነው ያለ ትእዛዝ የወሰዱት ሰዎች ግን ብዙ ነበሩ። የምግብ ፍላጎት እንዲከፍትና እንዲያወፍር ብለው የሚወስዱም አሉ። የሚመጣው ውፍረት ፊትና ሆድ ላይ የሚከማች ስብና ውኃ ነው፤ ጡንቻው ግን እየሳሳ ይሄዳል።

የስቴሮይድ ቅባትን ፊት ላይ መልመድ። እንደ ክሎቤታሶል ያሉት ኃይለኞቹ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያወጣሉ፣ ብጉር ያበዛሉ። ቆዳን ለማንጣት ብሎ መቀባት የማይመለስ ጉዳት ሊተው ይችላል። ጭርት ላይ ሲቀባ ደግሞ ማሳከኩ ይጠፋና ፈንገሱ መልኩን ቀይሮ ይሰፋል፤ የቆዳ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ማታ መውሰድ፦ እንቅልፍ ይነሳል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ጠዋት፣ ምግብ በልቶ ነው።

በላዩ ላይ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መጨመር፦ ጨጓራን ሊያቆስልና ሊያደማ ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ስትገዙ ስቴሮይድ እንደምትወስዱ ተናገሩ።

ክትትልን መተው። የደም ስኳርና ግፊት ከፍ ማለታቸውን ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። አጥንትም ሳያመው ይሳሳል፤ የዓይን ሞራና ግላኮማም ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚመጡት። ክትባት ከመውሰዳችሁ በፊትም ጠይቁ፤ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው ክትባቶች ከፍተኛ መጠን ለሚወስድ ሰው አይሰጡም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈርቶ መሸሽም ሌላ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲሰጥ፣ መራመድ አቅቷት የነበረች ሴት በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄዳለች። በተለይ የአስም ሕሙማን የሚሳበውን ስቴሮይድ ፈርተው ሲተዉት ያሳዝነኛል። መጠኑ አነስተኛ ነው፣ በአብዛኛው የሚሠራውም እዚያው ሳንባ ላይ ነው። የአፍ ፈንገስ እንዳያመጣ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥምጣችሁ ትፉት።