ከእንግሊዝኛ ድርሰት ፋይናል በኋላ፦ የቱ ስጋት ያስጨንቃል፣ የቱ አያስጨንቅም?

ከፈተና ወጥታችሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የተሰበሰበው ቡድን ውስጥ ከገባችሁ፣ ሁሉም የጻፈውን መግቢያ በቃሉ ይወጣላችኋል። ሒሳብ ቢሆን መልስ ማመሳከር ያስኬዳል። ድርሰት ግን አንድ መልስ የለውም፤ የጓደኛችሁ በሌላ መንገድ መሄዱ የእናንተን ስሕተት አያደርገውም። ቡድኑን እለፉት። በአምስት ኪሎ፣ በሙዚየሙ በኩል ቁልቁል እስከ አራት ኪሎ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጭንቅላት ለማብረድ ይበቃል።

ቁጭ ስትሉ አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጥያቄውን ቃል በቃል፣ ዋናውን ሐሳብ (ቴሲሱን) የያዘችውን ዓረፍተ ነገር፣ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር። በዚያው ቀን ይሁን። አንድ ሌሊት ካደረ ትዝታው ይቀላቀላል፤ የጻፋችሁትን ያልጻፋችሁት ይመስላችኋል። ሌላውን ዓረፍተ ነገር ለማስታወስ አትታገሉ፣ አይጠቅምም።

አሁን ጥያቄውን ከየአንቀጹ መክፈቻ ጋር አስተያዩ። በእውነት ሊያስጨንቅ የሚገባው አንድ ነገር እዚህ ነው ያለው፦ ከርዕስ መውጣት። ጥያቄው የገጠርንና የከተማን ኑሮ አነጻጽሩ ብሎ ሳለ ሦስቱም አንቀጽ ስለ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ከሆነ፣ የመለሳችሁት ግማሹን ነው። ቤት ተጠንቶ የመጣ ድርሰት በሌላ ርዕስ ላይ ከተገለበጠ ደግሞ የባሰ ነው። አራሚ ችከላን ከሁለተኛው መስመር ይለየዋል፤ «ናው ኤ ዴይስ» ብሎ የሚጀምር መግቢያ በአንድ ክምር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ እሱ ነው የሚያውቀው። መክፈቻዎቹ ሁሉ ጥያቄውን የሚመልሱ ከሆነ ግን ትልቁ አደጋ አልፏል።

የቀረው ስጋት አብዛኛው ከቦታው ውጭ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት እርማት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ፤ ከ100 ለይዘት 30፣ ለቋንቋ አጠቃቀም 25፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት ምርጫ 20፣ ለስፔሊንግና ለሥርዓተ ነጥብ 5 ይሰጣል። መምህራችሁ የራሱ አከፋፈል ሊኖረው ይችላል። ያም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ «ገቨርንመንት» ላይ «ኤን» ረሳሁ እያለ የሚገላበጥ ተማሪ የሚጨነቀው ለትንሿ ቁራሽ ነው።

ስለ ሰዋስው መጨነቅ ካለባችሁ፣ ከአማርኛ ተሸክመን የምንሄዳቸውን ስሕተቶች ፈልጉ። አማርኛ «ምንም እንኳ … ግን» ስለሚል «ኦልዞው» ብለን ጀምረን መሐል ላይ «በት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ስለ … ተወያየ» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ብለን እንጽፋለን፤ «አባውት» ትርፍ ናት። «መረጃዎች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ» እንላለን። «ው» ከስሙ ኋላ መለጠፉን ስለለመድን «ዘ»ን ወይ እንጥላታለን ወይ የትም እንበትናታለን። እነዚህ ትርጉም አያጠፉም፤ ብዙ አራሚ ተደጋጋሚውን እንደ አንድ ዓይነት ስሕተት ቆጥሮ ያልፋል። ማርክ የሚበላው ዓረፍተ ነገሩ ከነጭራሹ የማይገባ ሲሆን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ አራት መስመር ያለ ነጥብ መሄዱ ነው።

መደምደሚያ ሳልጽፍ ሰዓት አለቀ? ከአደረጃጀቱ ይቀነሳል፣ የመሐል አንቀጾቹ ማርክ ግን ይቆያል። ቃላት አነሰብኝ? በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ከ8 እስከ 10 ቃል ይይዛል፤ 25 መስመር ከሞላችሁ ከ200 እስከ 250 ናችሁ። ስርዝ ድልዝ ከተነበበ ችግር የለውም። ከመምህሩ የተለየ አቋም መያዝም እንዲሁ።

መታወቂያ ቁጥር ወይም ሴክሽን ካልጻፋችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ በዚያው ቀን መምህሩ ቢሮ ሂዱ። ፈተና ላይ የፈረማችሁበት የስም ዝርዝር መቀመጣችሁን ያሳያል፤ እርማት ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን ማግኘት ቀላል ነው።

ከዚያ ሒሳቡን አንድ ጊዜ ሥሩና ዝጉት። ኮርሱ ከ50 በተከታታይ ምዘና፣ ከ50 በፋይናል የሚታሰብ፣ ድርሰቱም ከፋይናሉ 15 የሚይዝ ነው እንበል። እስከ ፋይናል 38 ይዛችኋል፤ ከፋይናሉ የንባብና የሰዋስው ክፍል 35 ውስጥ 24 ትገምታላችሁ። ድምሩ 62 ነው። ግሬዱ በቋሚ ስኬል ከሆነ «ቢ» ከ70፣ «ቢ ፕላስ» ከ75 ይጀምራል። ለ«ቢ» ከድርሰቱ 8 ይበቃል፤ ለ«ቢ ፕላስ» 13 ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ለሰቃይም ከባድ ነው። እንግዲህ የምትጨነቁት በ«ቢ» (3.0) እና በ«ቢ ፕላስ» (3.5) መካከል ላለው 0.5 የግሬድ ነጥብ ነው። ኮርሱ 3 ክሬዲት፣ ሴሚስተሩ 18 ከሆነ፣ 0.5 በ3 ተባዝቶ ለ18 ሲካፈል የሴሚስተር ጂፒኤ ላይ 0.08 ያህል ነው። ከነገ ወዲያ የሚመጣው ባለ 4 ክሬዲት ፈተና ከዚህ በላይ ይጎዳል፤ ማታውን ለእሱ ስጡት።

ግሬድ ከወጣ በኋላ ቅር ካላችሁ መጀመሪያ ወረቀት ለማየት ጠይቁ፣ ኮምፕሌን ከዚያ በኋላ። ደረጃው ከመምህሩ ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዕለቱን እዩ፣ ካለፈ ማንም አይቀበላችሁም። ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ድርሰቱን ከማንበብ በፊት ድምሩን ደምሩ፤ የየክፍሉ ማርክ ፊት ገጽ ላይ በትክክል መዛወሩን፣ ከጀርባ የቀጠለው ገጽ ላይም የአራሚ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው እንዲህ ያለው ነው። «ደክሜ ነው የጻፍኩት» የሚል ማመልከቻ የትም አይደርስም፤ «ጥያቄ 4 ከጀርባ ያለው አንቀጽ አልታረመም» የሚለው ግን ወረቀቱን መልሶ ያስከፍታል።