ሞዴሉ አምሮ ሥራው አፍ ውስጥ አልገባ ሲል፦ የአልጂኔት ልኬት ችግርና መፍትሄ

አልጂኔት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በትሬይ (አፍ ውስጥ በሚገባ መያዣ) የጥርስን ቅርጽ የሚወስድ ዱቄት ነው፤ የተወሰደው ቅርጽ ልኬት ይባላል፣ ጀሶ ሲፈስበት ሞዴል ይወጣል። ትንንሾቹን ችግሮች ቶሎ ልጨርስ። ቅልቅሉ ትሬይ ላይ ሳይደርስ ከረጋ ውሃው ሞቋል፤ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከአፍ ሲወጣ ከተቀደደ ወይ ቸኩላችኋል ወይ አልጂኔቱ ሳስቷል፤ በጥርስና በትሬይ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይኑር። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዱቄት እርጥበት ጠጥቷል፤ ጣሉት።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ሌላ ነው። ሞዴሉ ንጹሕ ነው፣ ጥርሱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የተሠራበት ሪቴይነር (የተስተካከለ ጥርስ ቦታውን እንዳይለቅ የሚይዘው) ግን አይገባም። ሰው ወዲያው ጀሶውን ይወቅሳል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ጀሶ እስኪፈስበት ድረስ ልኬቱ ባሳለፈው ጊዜ ነው።

አልጂኔት የሚወጣው ከቡናማ የባሕር አልጌ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለይቶ አወጣው፤ ወደ ጥርስ ሕክምና በሰፊው የገባው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ይመጣ የነበረው አጋር የሚባለው የልኬት ማቴሪያል ሲጠፋ ነው። አጋርም የአልጌ ልጅ ነው፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም፦ አጋር ሲሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል፣ የረጋ አልጂኔት ግን አይመለስም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሰልፌት አርግቶ ጄል ያደርገዋል፤ ያ ጄል ግን አብዛኛው ውሃ ነው። አየር ላይ ሲተዉት ይኮማተራል፣ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ያብጣል።

አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኝ ጀሶ ቀየርኩ፣ ትሬይ ቀየርኩ። በመጨረሻ ረዳቱን «ልኬቱን የት ነው የምታቆየው?» ብዬ ስጠይቀው ውሃ የሞላ ሳህን አሳየኝ። «እንዳይደርቅ ብዬ ነው» አለኝ፤ በቅንነት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥጥ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ያው ነው፣ መንከር ነው!

መፍትሄው፦ ምራቁንና ደሙን አጥባችሁ፣ ፀረ ተሕዋሲያን ረጭታችሁ፣ ውሃውን አራግፋችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጀሶ አፍስሱ። ካልተቻለ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ወረቀት ከበውት ከረጢት ውስጥ ይታሸግ፤ ይህም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። «አምስት ቀን ይቆያል» የሚል ማሸጊያ ያላቸው አሉ፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ማለታቸው እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ አይደለም።

ትሬዩን በፊቱ ደፍታችሁ አታስቀምጡ፤ ከትሬዩ ጫፍ ያለፈው አልጂኔት ይታጠፋል። ጀሶው ከረጋ በኋላም ልኬቱን እስከ ነገ አታሳድሩበት፤ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው አላቁት። ያደረ ሞዴል ፊቱ እንደ ጠመኔ በጣት ይጠረጋል።