የጂፒኤስ መቀበያ ሳተላይት አላገኝ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጂፒኤስ መቀበያ በተከፈተ በሦስተኛው ደቂቃ «ይህ ዕቃ አይሠራም» ተብሎ ወደ ሣጥኑ ሲመለስ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ሰማይ ወይም ጊዜ ተነፍጎት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መሣሪያውን ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሞከር ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ፣ ሲግናላቸው ምድር ሲደርስ እጅግ ደክሞ የብረት ጣሪያ ወይም ኮንክሪት በቀላሉ ያስቀረዋል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም ግማሽ መፍትሔ ነው፤ የሰማዩ አንድ ጎን ብቻ ከመታየቱም በላይ ከፊት ለፊት ሕንፃ ነጥሮ የሚመጣው ሲግናል ልኬቱን ያዛባል። ከፍታን ጨምሮ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። «ሦስት ይበቃሉ» የሚለው የተለመደ አነጋገር የመቀበያውን ሰዓት ይዘነጋል፦ ይህ ሰዓት በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ቢስት በርቀት ላይ 300 ሜትር ያህል ስህተት ስለሚያስከትል፣ አራተኛው ሳተላይት ይህንኑ ስሕተት ለማስላት ይውላል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ትዕግሥት ማጣት ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን የምሕዋር መረጃ የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ሲሆን፣ መረጃው በየ30 ሴኮንዱ ይደጋገማል፤ በመካከሉ ዛፍ ወይም የሰው አካል ቢጋርደውና ቢቋረጥ መቀበያው ቀጣዩን ዙር ለመጠበቅ ይገደዳል። የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ የምሕዋር መረጃ ለመጨረስ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ መቀበያን፣ ወይም ለወራት ጠፍቶ የቆየን፣ ገላጣ ቦታ ላይ ሳያንቀሳቅሱ ለ15 ደቂቃ ያህል መተው ይገባል። እያጠፉ ማብራት፣ በተለይ መጠባበቂያ ባትሪ በሌለው ሞጁል (ከሌላ መሣሪያ ጋር በገመድ የሚገናኝ ትንሽ የመቀበያ ሰሌዳ) ላይ፣ የተሰበሰበውን ሁሉ አጥፍቶ ከዜሮ ማስጀመር ነው። ስልክ በሴኮንዶች ውስጥ ቦታውን ማግኘቱን እያነሡ መቀበያውን መውቀስም ፍትሐዊ አይደለም፤ ስልኩ ይህንኑ መረጃ ከኔትወርክ ያወርዳልና።

አንቴናውን በጎኑ ማቆም ወይም መድፋት ሌላው ነው። ጠፍጣፋው የሴራሚክ ገጽ ወደ ሰማይ መዞር አለበት።

ሞጁልን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ደግሞ የገመድን ችግር ከሳተላይት ችግር ጋር ይቀላቅላሉ። ስክሪኑ ላይ ምንም ካልመጣ የመላኪያና የመቀበያ ገመዶቹ መስቀለኛ መሆናቸውን፣ ማለትም የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር መገናኘቱን፣ ማረጋገጥ ነው። ትርጉም የለሽ ምልክቶች ከመጡ የባውድ መጠኑ፣ ማለትም የመረጃ መላኪያው ፍጥነት፣ አልተስማማም፤ ብዙ ሞጁሎች በ9600፣ አንዳንድ የቆዩት በ4800 ይሠራሉ። በኮማ ብቻ የተሞሉ መስመሮች ከመጡ ግን ግንኙነቱ ደህና ነው፤ የጎደለው ሰማይ ወይም ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ በ«ጂኤስቪ» (GSV) የሚለየውን መስመር ማንበብ ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ ሳተላይት መለያ ቁጥሩ፣ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ፣ አቅጣጫውና የሲግናሉ ጥንካሬ በተከታታይ ይሰፍራሉ። አራተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ መቀበያው ሳተላይቱ እዚያ መኖሩን ከቀድሞ መረጃ አውቋል እንጂ ገና አልሰማውም። ገላጣ ሰማይ ሥር በዚህ የጥንካሬ ቦታ ከ35 በላይ የሚያሳዩ ጥቂት ሳተላይቶች መታየት ይኖርባቸዋል፤ ሁሉም ከ20 በታች ከሆኑ አንቴናውን ወይም አካባቢውን መመርመር ይሻላል።

ሳተላይቶቹ ተገኝተውም የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ የቦታውን ቁጥር እንዳለ ማንበብ። ለምሳሌ በኬክሮስ ቦታ የሚታየው 4530.0000 ማለት 45 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው)፣ ማለትም 45.5 ዲግሪ ነው፤ 45.30 ብለው ካርታ ላይ ያስገቡት እንደሆነ በኬክሮስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል።