የኮሜርሻል ፓይለት ቼክራይድ፦ ከሎግቡክ ቆጠራ እስከ ጊዜያዊ ፈቃድ

ጓደኛ አሳፍሮ መብረር አንድ ነገር ነው። በርሮ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ሌላ። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን የሚለያቸው የኮሜርሻል ፓይለት የበረራ ፈተና ነው፤ አብራሪዎቹ ቼክራይድ ይሉታል። ተፈታኙ ብዙ ጊዜ የሚፈራው አየር ላይ ያለውን ክፍል ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ጣጣው የሚበዛው መሬት ላይ ነው። ፈታኙ ከጥዋት እስከ ማታ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሰው አውሮፕላንና የሰው ሕይወት አምኜ ብሰጠው፣ ሳይነገረው ይወስናል ወይ?

እዚህ የምጽፈው ስለ ኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ፈተና ነው፤ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ በፓርት 61 ደንብ ለሚማር ሰው። በፓርት 141 ደንብ፣ ማለትም ኤፍ ኤ ኤ ባጸደቀው ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምር ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ በ190 ሰዓት መጨረስ ትችላላችሁ። ፈተናው ግን ያው ነው።

ሎግቡካችሁን ቁጠሩ

ዕድሜያችሁ 18 መሙላት አለበት። በሎግቡካችሁ፣ ማለትም በበረራ መዝገባችሁ፣ ጠቅላላ 250 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 100 ሰዓቱን ዋና አብራሪ ሆናችሁ የበረራችሁት መሆን አለበት፤ ከዚያም 50ው ክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም ከአንድ አየር ማረፊያ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚያርፍ የርቀት በረራ። ጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚሸወድ ሰው ብዙም የለም። የሚሸወዱት ዝርዝሩ ላይ ነው።

ለምሳሌ ረጅሙ ክሮስ ካንትሪ። በጠቅላላ ከ300 ናውቲካል ማይል ማነስ የለበትም። ሦስት ቦታ ታርፋላችሁ፤ አንዱ ከተነሳችሁበት በቀጥታ መስመር ቢያንስ 250 ናውቲካል ማይል መራቅ አለበት። ይህን የምትበሩት ብቻችሁን ነው፤ አለዚያም የዋና አብራሪውን ሥራ እናንተ እየሠራችሁ አሰልጣኝ አብሯችሁ ይቀመጣል። «መንገዱ ረጅም ነው፣ እየተጨዋወትን እንሂድ» ብላችሁ ጓደኛ ካሳፈራችሁ ሰዓቱ ጠቅላላው ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ መስፈርት ግን አይቆጠርም።

የሌሊቱም እንዲሁ ነው። 5 ሰዓት፣ 10 መነሳት፣ 10 ማረፍ፤ መነሳቱና ማረፉ ሁሉም ታወሩ (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) በሚሠራበት አየር ማረፊያ። ታወሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተዘግቶ እናንተ 3፡30 ላይ ካረፋችሁ፣ ያቺ ማረፍ ለዚህ ዋጋ የላትም።

ከዚህ ሌላ 10 ሰዓት ኮምፕሌክስ በሚባል (ጎማው የሚታጠፍና ፕሮፔለሩ የሚስተካከል) ወይም ዘመናዊ ስክሪን ባለው አውሮፕላን መሰልጠን ግዴታ ነው። ጋርሚን ጂ1000 ስክሪን እና ኦቶፓይለት ያለው ሴስና 172 ይበቃል። ጎማው የሚታጠፍ አውሮፕላን ይዞ መፈተን ድሮ ግዴታ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ቀርቷል። ይህ ብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ገንዘብ አስቀርቷል። በመጨረሻም ለፈተናው ዝግጅት ከአሰልጣኝ ጋር 3 ሰዓት መብረር አለባችሁ፤ እሱም ከፈተናው ወር በፊት ባሉት ሁለት የካላንደር ወራት ውስጥ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጡና መስፈርቱን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከእያንዳንዱ ጎን በሎግቡኩ የትኛው ገጽና ቀን ላይ እንዳለ አስቀምጡ። ገጹ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፉበት። ፈታኙ «ረጅሙ ክሮስ ካንትሪ የት አለ?» ሲል ሎግቡክ የሚያገላብጥ ተፈታኝና ጣቱን ገጹ ላይ የሚያሳርፍ ተፈታኝ አንድ አይደሉም።

የጽሑፍ ፈተናውና ቀጠሮው

የጽሑፍ ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 70 በመቶ። ውጤቱ ለ24 የካላንደር ወራት ያገለግላል። የተሳሳታችሁት ርዕስ ውጤቱ ላይ በኮድ ይወጣል፤ የቃል ፈታኙም ያንን ኮድ ያያል። ስለዚህ 72 አምጥቶ «አለፍኩ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መጣል አያዋጣም። የተሳሳታችሁትን ከአሰልጣኛችሁ ጋር ከልሱ፤ እሱም መከለሳችሁን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

የሚፈትናችሁ በአብዛኛው ዲ ፒ ኢ የሚባል በኤፍ ኤ ኤ የተወከለ ፈታኝ ነው። ክፍያውን የሚወስነው ራሱ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀጠሮም ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ «ስጨርስ እይዛለሁ» ካላችሁ ልምምዱ እየቀዘቀዘ ተራ ትጠብቃላችሁ። ማመልከቻው አያክራ በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት ይሞላል። ስማችሁ መታወቂያው ላይ፣ አሁን በያዛችሁት የፓይለት ፈቃድ ላይና ማመልከቻው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። የአባት ስም አንዱ ጋ መካከለኛ ስም፣ ሌላው ጋ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈብን ሐበሾች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሜዲካሉንም (የጤና ምርመራ ምስክር ወረቀቱን) እዩት፦ ለፈተናው ሦስተኛ ደረጃ ይበቃል፤ በፈቃዱ ተቀጥሮ ለመሥራት ግን ሁለተኛ ደረጃ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀጠሮ ስትይዙ የጾሙን ወቅት አስቡበት። ፈተናው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በባዶ ሆድና ያለ ውኃ በበጋ ሙቀት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ መዞር ለማንም አይመከርም። ፈታኙም «ዛሬ ለመብረር ብቁ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የቃል ፈተናው

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡት። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «በዚህ ፈቃድ ምን መሥራት ይፈቀድልሃል?» የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ዳላስ የምትኖሩ ከሆነ፣ በሐበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ቅዳሜ ወደ ሂውስተን በአውሮፕላን እሄዳለሁ፣ ሁለት ቦታ አለኝ፣ በሰው ይህን ያህል» ብላችሁ ጻፋችሁ። አውሮፕላኑን የተከራያችሁት እናንተ ናችሁ። ኮሜርሻል ፈቃድ በእጃችሁ ነው። ይቻላል?

አይቻልም። አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ደንቡ የሕዝብ ማመላለሻ ሥራ ይለዋል፦ አገልግሎቱን ለሕዝብ ማቅረብ፣ ሰው ወይም ዕቃ መጫን፣ ከቦታ ወደ ቦታ ማድረስ፣ ክፍያ መቀበል። የቴሌግራሙ መልእክት አራቱንም አሟልቷል። ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የድርጅት የሥራ ፈቃድ ነው። አሁን ታሪኩን ገልብጡት። አንድ ነጋዴ የራሱ አውሮፕላን አለው፤ የሚያበርርለት ሰው ፈልጎ እናንተን ቀጠረ። ይህ ይቻላል፤ የሸጣችሁት ሙያችሁን ብቻ ነውና። ፈታኙ መስማት የሚፈልገው ይህን ልዩነት ነው፦ አውሮፕላኑን ያቀረበው ማነው? አብራሪውንስ?

ያለ ድርጅት ፈቃድ የሚሠሩ ሥራዎችም አሉ፦ ከአየር ላይ ፎቶ ማንሳት፣ ማስታወቂያ ጨርቅ መጎተት፣ እርሻ ላይ መድኃኒት መርጨት፣ አውሮፕላን ከቦታ ቦታ ማድረስ። የየራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ስላላቸው ዝርዝሩን ስትሸመድዱ ያንንም ተመልከቱ። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ለመብረር የሚሰጠው ተጨማሪ ፈቃድ) የሌላችሁ ደግሞ ፈቃዳችሁ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፦ ከፍሎ የሚሄድ መንገደኛ ይዛችሁ ከ50 ናውቲካል ማይል በላይ ክሮስ ካንትሪ መሄድ አትችሉም፤ በሌሊትም አትችሉም።

ቀጥሎ አውሮፕላኑ ራሱ ይመጣል። ዓመታዊ ምርመራው፣ የ100 ሰዓቱ ምርመራ፣ በየ24 ወሩ የሚታየው ትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ)፣ በየ12 ወሩ የሚታየው የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪ። የጥገና መዝገቡን በዋዜማው ከትምህርት ቤቱ ተቀብላችሁ እዚያውም ላይ ምልክት አድርጉ።

የክብደት ስሌትና የአየር ጥግግት ጥያቄም አይቀርም። ለዚህ ለእኛ የሚመች ምሳሌ አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 7,600 ጫማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቀኑ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ለአንድ ዲግሪ 120 ጫማ ሒሳብ፣ አውሮፕላኑ 10,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሳው። ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩ ይደክማል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ይህን በራሳችሁ አነጋገር ማስረዳት ከቻላችሁ ቀመሩን በቃል ከወረደው ሰው ትበልጣላችሁ።

የማታውቁት ከመጣ «መጽሐፉን ልይ» በሉ። ይፈቀዳል። የት እንዳለ ማወቅ አለባችሁ እንጂ ሁሉን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። በግምት መመለስ ግን ጉድጓድ ነው፤ ፈታኙ ተከትሏችሁ ይቆፍራል።

አየር ላይ

መመዘኛው ኤ ሲ ኤስ የሚባለው ሰነድ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ስቲፕ ተርን ወደ 50 ዲግሪ ተጋድማችሁ ትዞራላችሁ፤ ከፍታው ከ100 ጫማ፣ ፍጥነቱ ከ10 ኖት (ናውቲካል ማይል በሰዓት) በላይ መዛነፍ የለበትም። ሻንዴል እየወጣችሁ 180 ዲግሪ መዞር ነው፤ በመጀመሪያው 90 ጋደም ማለቱ አይለወጥም፣ አፍንጫው ይነሳል፤ በሁለተኛው 90 አፍንጫው ባለበት ይቆይና ጋደም ማለቱ ቀስ እያለ ይቀናል። በቀኝ እግራችሁ የእግር መሪውን መጫን አትርሱ። ሌዚ ኤይት (ቀስ እያሉ እየወጡና እየወረዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር) ላይ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው።

ኤይትስ ኦን ፓይሎንስ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሁለት ምልክት መሬት ላይ ትመርጣላችሁ፤ የክንፉን ጫፍ አንዱ ላይ ተክላችሁ ትዞሩታላችሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ከፍታውን የሚወስነው ከመሬት አንጻር ያላችሁ ፍጥነት ነው፦ ኖቱን በራሱ አባዙትና ለ11.3 አካፍሉት። 90 ኖት ከሆነ ወደ 717 ጫማ፣ 100 ከሆነ ወደ 885 ጫማ ይመጣል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍ ማለት አለባችሁ። ከፊት ሲሆን ዝቅ። አየር ላይ ሒሳብ የሚሠራ የለም፤ ዓይን ነው የሚሠራው። ምልክቱ ከክንፉ ወደፊት ከሸሸ መሪውን ወደፊት ግፉ፤ ወደኋላ ከቀረ ወደኋላ ሳቡ። በእግር መሪ ክንፉን እየጎተቱ ማስተካከል የለም፤ ወደ ጎን መንሸራተትን የምታሳየው የመሣሪያዋ ኳስ ስትሸሽ ፈታኙ ወዲያው ያያል።

ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ግን ለፓወር ኦፍ 180 ነው። ከማኮብኮቢያው ትይዩ፣ ወደ 1,000 ጫማ ላይ፣ ፓወሩ ይዘጋል። ከዚያ ያለ ሞተር ዞራችሁ በመረጣችሁት ነጥብ ላይ ትወርዳላችሁ። ነጥቡ ሳይደርስ መሬት መንካት አይቻልም፤ ካለፈም በ200 ጫማ ውስጥ መሆን አለበት። 200 ጫማ ስንት ነው? የማኮብኮቢያውን መካከለኛ መስመር ተመልከቱ። አንዱ ነጭ ሰረዝ 120 ጫማ ነው፣ ክፍተቱ 80። አንድ ሰረዝና አንድ ክፍተት፣ እሱ ነው የተሰጣችሁ ቦታ። የአጭር ሜዳ ማረፍ ላይ ደግሞ 100 ጫማ ብቻ ነው፤ አንድ ሰረዝ እንኳ አይሞላም።

ዘዴው ትንሽ ከፍ ብሎ መምጣት ነው። የተረፈ ከፍታ በፍላፕ (ከክንፉ ኋላ በሚወርደው ክፍል) እና በፎርዋርድ ስሊፕ (አውሮፕላኑን አጋድሞ በጎን በማውረድ) ይጠፋል። የጎደለ ከፍታ ግን ከየትም አይመጣም። ዓይናችሁን የምታነጣጥሩት ከማረፊያው ነጥብ ቀደም ብሎ ነው፤ አውሮፕላኑ ከመንካቱ በፊት ይንሳፈፋልና። ነፋስ ባለበትም በሌለበትም፣ ሁለት ሰው ጭናችሁም ብቻችሁንም ተለማመዱ። እንደማትደርሱ ካወቃችሁ አፍንጫውን እያነሳችሁ አትለጥጡት፤ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) የሚመጣው እንዲህ ነው። ፓወር ስጡና ውጡ። አንድ ልምምድ መውደቅ ይሻላል።

በበረራው ሁሉ ድምፅ አውጥታችሁ አስቡ። «80 ጫማ ወርጃለሁ፣ እያስተካከልኩ ነው።» ፈተና የሚጥለው አንዴ መዛነፍ ሳይሆን፣ ደጋግሞ ከልክ መውጣት ወይም ወጥቶ አለማስተካከል ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ዙሪያውን ለሌላ አውሮፕላን ቃኙ፤ ቼክሊስቱን በእጃችሁ ያዙ። መሪውን ስትቀባበሉም ማን እንደያዘ በቃል ተነጋገሩ። ፈታኙ በመሀል ወሬ ቢያወራችሁ፣ «ይቅርታ፣ ካረፍን በኋላ እንጨርሰዋለን» ማለት ነውር አይደለም። ሆን ብሎ ሊሆን ይችላል።

ካልተሳካ፣ ከተሳካም

አየሩ ካልጣማችሁ «ዛሬ አልበርም» በሉ። ይህ መውደቅ አይደለም። የማቋረጫ ደብዳቤ ይሰጣችኋል፤ ያለፋችሁት ክፍል እስከ 60 ቀን ይያዝላችኋል። አንድ ልምምድ ላይ ከወደቃችሁም ቀሪውን ለመቀጠል መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እኔ ቀጥሉ ነው የምለው። ቀጥላችሁ ያለፋችሁት ይቆጠርላችኋል። በኋላ ከአሰልጣኝ ጋር ሠርታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ከተመለሳችሁ ባብዛኛው የምትፈተኑት የቀረውን ብቻ ነው።

ካለፋችሁ ፈታኙ እዚያው ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ ለ120 ቀን ያገለግላል። ዋናው ካርድ በፖስታ ይመጣል፤ አድራሻ የቀየራችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለመሥራት የምታስቡ ደግሞ፣ የአሜሪካው ፈቃድ ብቻውን በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን አያስበርርም። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን ማጽደቅ ወይም የራሱን መስጠት አለበት። ሎግቡካችሁን፣ የሜዲካል ወረቀታችሁንና የሥልጠና ማስረጃችሁን እስካን አድርጋችሁ ያዙ።