ቴሲስ ላይ ዛሬ ነገ ማለት ሲበዛ ምን ይደረጋል?

ኮርሱን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ቴሲስ ላይ ሲደርስ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሰንፎ አይደለም። በኮርስ ጊዜ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ፣ አሳይመንት የሚያስረክቡበት ቀን አለ። ቴሲስ ላይ ቀን ቆራጭ የለም። «ዛሬ ምዕራፍ ሁለትን እጽፋለሁ» ብሎ ላፕቶፑን የከፈተ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ፣ አሥር ደቂቃ ባዶውን ገጽ ካየ በኋላ እጁ ወደ ቴሌግራም ይሄዳል።

መፍትሔው ሥራውን መቆራረጥ ነው። ምክሩን ሁሉም ሰምቶታል፤ ግን ቁራጩ ብዙ ጊዜ አሁንም ትልቅ ነው። ከ45 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ እንደገና ይቆረጥ። ርዕሳችሁ መርካቶ ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎች ቴሌብርን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው እንበል። ያኔ የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበት ምዕራፍ ሁለት ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንዲህ ይሆናል፦

- ተመራማሪው ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል በ120 ቃል ማስረዳት። «ይጠቅመኛል» እና «ለመጠቀም አይከብደኝም» የሚሉት ሁለቱ እምነቶች ላይ ብቻ ማተኮር።
- በኬንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በኤም-ፔሳ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች አንዱን መርጦ አምስት ነገር መሙላት፦ የት፣ ስንት ሰው፣ በምን ዘዴ፣ ምን አገኘ፣ ምን ቀረው።
- በሌላ ቀን ሁለተኛውን ጥናት በዚያው መልክ መሙላት።
- ሁለቱ የማይስማሙበትን ነጥብ በአንድ አንቀጽ መጻፍ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤም-ፔሳ በ14 ዓመት ይቀድመዋል። ስለዚህ «በቴሌብር ላይ የተጻፈ አጣሁ» ብሎ መቆም አያስኬድም፤ የጎረቤትን ጽሑፍ አንብቦ እኛ ጋ ምን ሊለይ እንደሚችል መጠየቅ ራሱ የጥናት ክፍተት ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ አታላይ ነገር አለ፤ ንባብ። ስልሳ ፒዲኤፍ አውርዶ «ገና እያነበብኩ ነው» የሚል ተማሪ ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ ራሱንም ያሳምናል። ከወር በኋላ ግን የቱ ጽሑፍ ምን እንዳለ አያስታውስም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሲነበብ ሦስት ዓረፍተ ነገር በዚያው ቀን ይጻፍ። ምንጩም በዚያው ሰዓት ዞቴሮ በሚባለው የምንጭ ማደራጃ ሶፍትዌር ውስጥ ይግባ፤ ነፃ ነው፣ ዋቢውንም ራሱ ይደረድራል። ማርጂን፣ የመስመር ክፍተትና የርዕስ ማውጫ ማሳመር ደግሞ የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ነው፤ አሁን ከተነካ ሌላው የንባብ ወንድም ይሆናል።

ከየት ይጀመር? ከምዕራፍ አንድ አይደለም። መግቢያ ከሁሉም ይከብዳል፤ ገና ያልተሠራን ነገር ማስተዋወቅ ነውና። ከምዕራፍ ሦስት፣ ከጥናቱ ዘዴ ጀምሩ። ዘዴው ፕሮፖዛሉ ላይ ተጽፏል፤ «ይሰበሰባል» የሚለውን «ተሰብስቧል» ማድረግ፣ የናሙናውን ቁጥር በእውነት ከተገኘው ጋር ማስተካከል፣ የተቀየረውን መግለጽ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ስድስት ሰባት ገጽ እጃችሁ ላይ ይኖራል።

ብዙ ሰው ግን የሚያቆመው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን እንግሊዝኛው አልወጣ ብሎት ነው፤ ይህን ለመናገር ያፍራሉ እንጂ። ዓረፍተ ነገሩ አልመጣ ሲል በአማርኛ ጻፉትና ቢጫ ቀለም ቀቡት፤ እለፉ። ቢጫውን መተርጎም ለብቻው የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ያውም ቀላሉ። እያሰቡም እየተረጎሙም በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው የሚያደክመው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው «ቅዳሜ ሙሉ ቀን እጽፋለሁ» ባይል ይሻለዋል። ቅዳሜ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ የተሻለ ያስኬዳል። ፖሞዶሮ የሚባለው 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴ ከረጅም እረፍት በኋላ ለመመለስ ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ሲሞቅ ግን 25 ደቂቃ ያጥራል፣ ወደ 45 አሳድጉት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ለመብራት መጥፋት ደግሞ ሁለት ገጽ አትሞ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ በእስክሪብቶ ማረም ቻርጅ አይፈልግም። ከሥራው ስትነሱ የነገውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጽፋችሁ ተዉት፤ ፋይሉን የዕለቱን ቀን ሰጥታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። አንድ ቀን ቢያልፋችሁ ነገ እጥፍ ለመሥራት አትሞክሩ፤ እጥፉ ስለሚያስፈራ እሱም ይቀራል።

ከአማካሪ መደበቅ ለብቻው መነገር አለበት። ሁለት ወር ድምፅ ያጠፋ ተማሪ «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው ወር ሲጨመር ኀፍረቱም ይጨምራል። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፤ ይህ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ለተወሰነ ጊዜ ሳላገኝዎ ቆይቻለሁ። የምዕራፍ ሦስትን አራት ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ። ገጽ 2 ላይ ያለው የናሙና አመራረጥ ላይ አስተያየትዎን እፈልጋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ብመጣ ይመችዎታል?»

አራት ገጽ የተላከለት አማካሪ በሻይ ሰዓት ሊያነበው ይችላል። ዘጠና ገጽ ከተላከለት እሱም ዛሬ ነገ ይላል፤ አይፈረድበትም።

በእናንተ እጅ ያልሆነውን መጓተት ቀድማችሁ አስጀምሩት። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳምንታት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ፕሮፖዛሉ በጸደቀበት ሳምንት ጠይቁና እሱ እስኪመጣ ምዕራፍ ሁለትን ቆራርጣችሁ ጻፉ። መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሳችሁ አሥር ነጋዴ ላይ ሞክሩ፤ የማይገባው ጥያቄ ያኔ ይለያል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ መርካቶ መጠይቅ ይዞ መዞር ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ነጋዴው ገበያው ላይ ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ዕቃ ይጠቀልልበታል።