የሰርቨር ዝርዝር በሞባይል ዳታ ስታወጡ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ በኤደብሊውኤስ (የአማዞን ክላውድ) ኮማንድ ላይን፣ ማለትም ትዕዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት መሣሪያ፣ ሰርቨሮችን መዘርዘር ዕድሜ ይፈጃል። ‹ኩዌሪ› (--query) የሚለውን አማራጭ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ የሚያጣራው ሙሉው ዝርዝር ኮምፒውተራችሁ ላይ ከወረደ በኋላ ነዋ። ዳታው አስቀድሞ ተበልቷል! መጀመሪያ በ‹ፊልተርስ› (--filters) የሰርቨሩን ሁኔታ ‹ረኒንግ› (በሥራ ላይ ያለ) በሉት። ማጣራቱ እዚያው ክላውዱ ላይ ያልቅና የምትፈልጉት ብቻ ይመጣል። ከዚያ አይፒውን (የሰርቨሩን የኔትወርክ አድራሻ) ብቻ ለማየት ኩዌሪን ጨምሩበት፤ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ።

ወጪ ለመቁጠር ግን ይህ አይሆንም፦ የቆሙት ሰርቨሮች ከዝርዝሩ ይወጣሉ፣ ኢቢኤስ የሚባለው የማከማቻ ዲስካቸው ሂሳብ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ደግሞ ትዕዛዙ የሚያየው አንድ ሪጅን (ሰርቨሮቹ የሚገኙበት አካባቢ) ብቻ ነው። እኔ ‹ሰርቨሬ ጠፋ› ብዬ የደነገጥኩት አየርላንድ ያለውን ፍራንክፈርት ስፈልግ ነበር።