የተንገዳገደ ኩባንያ ሂሳብ እንዴት ይነበባል? ከመጋዘኑ ጀምሩ

ሥራዬ የመጋዘን ሂሳብ ነው። የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ሲገባ የሥራ አስኪያጁን መልእክት ዘልዬ ወደ ቁጥሩ ነው የምሄደው። መልእክቱ ምን ጊዜም ያማረ ነው። አነባበቤን በአፕል ላሳያችሁ፤ ሊሞት ነው በተባለበት በነዚያ ዓመታት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአፕል በጀት ዓመት የሚዘጋው ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው።

መጀመሪያ የጥቂት ዓመታትን ሽያጭ በአንድ መስመር ጻፉ። በ1995 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ1996 9.8፣ በ1997 7.1፣ በ1998 5.9። ከሥሩ ትርፍና ኪሳራውን አስከትሉ። በ1996 816 ሚሊዮን ኪሳራ፣ በ1997 ከ1 ቢሊዮን በላይ ኪሳራ፣ በ1998 309 ሚሊዮን ትርፍ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በ1998 ሽያጩ ገና እየወረደ ነው፤ ትርፉ ግን መጥቷል። ሽያጭ ብቻ የሚያይ ሰው ይሄኔ ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን አጥፎታል። የተፎካካሪው ኮምፒዩተር አምራች የዴል ኩባንያ መሥራች ማይክል ዴል እንኳ በኦክቶበር 1997 ስለ አፕል ሲጠየቅ፣ እሱ ቢሆን ዘግቶ ገንዘቡን ለባለአክሲዮኖች እንደሚመልስ ነበር የተናገረው።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር፣ ወደ መጋዘን። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የዕቃ ክምችት የሚለውን ፈልጉ። በ1995 መጨረሻ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ዕቃ ሀብት ይመስላል፤ አትሸወዱ። ኮምፒዩተር በተቀመጠ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። አንድ ጊዜ ቆጠራ ላይ ካርቶናቸው ያልተከፈተ ፕሪንተሮች አገኘሁ። ቀለማቸው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። መዝገቡ ላይ ግን በተገዙበት ዋጋ ተሰልፈዋል! አፕልም በ1995 የገና ገበያ ርካሹን ሞዴል ከልክ በላይ አመረተ፤ ሰው የፈለገውን ውዱን ግን ማድረስ አቃተው።

ክምችቱ በ1997 437 ሚሊዮን፣ በ1998 78 ሚሊዮን ሆነ። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ ወደ ኩባንያው ተመልሶ የተዝረከረከውን የምርት ዝርዝር አራት ላይ አወረደው፦ ለተራ ተጠቃሚና ለባለሙያ፣ ዴስክቶፕና ላፕቶፕ። በማርች 1998 የተቀጠረው ቲም ኩክ ደግሞ መጋዘን ዘጋ። (ለሙያዬ መጥፎ ዜና ነው፤ ግን እውነቱን ነው።)

ቀጥሎ ከሽያጩ ላይ የዕቃውን ወጪ ቀንሱና ለሽያጩ አካፍሉ። በ1996 ከ100 ዶላር ሽያጭ የቀረው 10 ዶላር ብቻ ነው። በ1997 19፣ በ1998 25።

የእርዳታ ገንዘብ ካለ በካዝና ካለው ጋር አወዳድሩት። ማይክሮሶፍት በኦገስት 1997 150 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ብዙ ሰው አፕልን ያዳነው ይሄ ነው ይላል። በሴፕቴምበር አፕል እጅ ላይ የነበረው ጥሬ ገንዘብና የአጭር ጊዜ ኢንቨስትመንት 1.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። አንድ አስረኛ መሆኑ ነው። ለእኔ የሚበልጠው ማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራሞቹን፣ ኦፊስን፣ ለአፕል ኮምፒዩተር ለማክ 5 ዓመት ለመሥራት የገባው ቃል ነው።

በመጨረሻ የሩብ ዓመት ሪፖርቶቹን ክፈቱ። አፕልን አዳነ የሚባለው ኮምፒዩተር፣ አይማክ፣ ገበያ የወጣው በኦገስት 1998 ነው፤ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ሲቀረው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 1997 ያለውን ሩብ ዓመት ተመልከቱ፦ 47 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ። አይማክን ገና ሕዝብ አላየውም ነበር።